አያ ዳልቻና የጥላው ድንጋይ

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ሰኔ በደረቁ አለፈ። ሐምሌ ጉም እንጂ ዝናብ አላመጣም። ነሐሴ በረዶውን አራግፎ፣ ቡቃያውን መትቶ ሄደ። መስከረም ሲጠባ የወንዙ ድንጋዮች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ነበር።

ይህ የሆነው እንስሳት በሚያርሱበት፣ ድንጋይም ሲጠይቁት በሚመልስበት ጊዜ ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ፤ ተረቱ ግን አይቆምም።

በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ምንጭ ነበረች። የምትፈልቀው ከትልቅ ሾላ ሥር ነው። ሁሉም እናት ምንጭ ይሏታል። ሌሊቱን ሙሉ ከፊቷ ያለውን ኩሬ ስትሞላ ታድራለች፤ ሲነጋ ኩሬው ይከፈትና ውሃው በአንድ ቦይ ቁልቁል ይወርዳል። በቦዩ ዳር አራት ማሳ አለ። ከላይ፣ ከኩሬው አፍ አጠገብ፣ የእመት ጦጢት ሽንኩርት። ቀጥሎ የአያ ከርከሮ ድንች። ከዚያ በታች የበሬው የአያ ዳልቻ ሸንኮራ። ከሁሉም በታች፣ ቦዩ በሚያልቅበት ጭራ ላይ፣ የአህያዋ የእመት ቡላ ገብስ።

አያ ዳልቻ የሸለቆው የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያካፍል፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ በውሃ የተጣላን የሚያስታርቅ ማለት ነው። ከሾላው ሥር አያቱ የተከለው ረዥም ድንጋይ ቆሟል። የጥላው ድንጋይ ይባላል። በዙሪያው ጠጠሮች ተደርድረዋል። ጥላው ከአንዱ ጠጠር ተነሥቶ ሌላው ጠጠር ላይ ሲደርስ ድንጋዩ «ተራ አለፈ» ይላል፤ ያን ጊዜ አንዱ የማሳውን በር በጭቃ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። ሕጉም አጭር ነው። ተራ ከላይ ይጀምራል፣ ከታች ያልቃል። ተራውን ያላጠጣ ተራው ይለፈው።

አያ ዳልቻ ይህን ሕግ ለማንም አጣሞ አያውቅም። ለራሱም ቢሆን። ደግሞ አፉ ከባድ ነበር። እመት ጦጢት ሾላው ላይ ተቀምጣ፣ «አያ ዳልቻ ቃሉን እንደ ሣር ነው የሚያመሰኳው፤ ሲያመሰኳው ውሎ መልሶ ይውጠዋል» እያለች መንገደኛውን ሁሉ ታስቅበት ነበር። እሱ ቀና ብሎም አያያትም።

ከእመት ቡላ ጋር ግን ሌላ ነገር ነበራቸው። እሱ ጥጃ፣ እሷ ውርንጭላ ሳሉ በአንድ በረት ነው ያደጉት። አንድ ክረምት ብርዱ ሲጠና ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ነው ያነጉት። ካደጉ ወዲህ ያን ክረምት አንሥተው አውርተው አያውቁም። ብቻ አያ ዳልቻ ማታ ከማሳው ሲመለስ መንገዱን አዙሮ በእሷ አጥር በኩል ያልፋል።

«አለሽ?» ይላታል።

«አለሁ» ትለዋለች።

ይኸው ነው። ይህችን ሳይባባሉ የመሸበት ቀን የለም።

ድሮ ዝናብ ወሩን ያውቅ ነበር። እንደ ደህና አማች በቀኑ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ በቀኑ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ግን አመሉ ተለወጠ። በዘመነ ማቴዎስ ዘግይቶ መጣ። በዘመነ ማርቆስ በጊዜው መጥቶ ሳይጨርስ ሄደ። በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ፣ ቸኩሎ ሄደ። እናት ምንጭ ቀጠነች። ኩሬው ሲነጋ ጎድሎ ይገኝ ጀመር።

ሕጉ ግን ያው ነበር። ጠዋት ሌሊቱን የተጠራቀመው ውሃ ሲለቀቅ በእመት ጦጢት ማሳ ይንደረደራል። በአያ ከርከሮ ዘንድ ይሮጣል። በአያ ዳልቻ ዘንድ ይራመዳል። ወደ እመት ቡላ ሲወርድ ይድሃል። ያን ጊዜ ኩሬው ባዶ ሆኗል፣ ቀትርም አልፏል፣ ፀሐይ ያጋለው ቦይም የቀረችውን ይጠጣታል። የመጀመሪያዋ ጠብታ የገብሱን እግር ሳትነካ፣ ከላይ የጥላው ድንጋይ «ተራ አለፈ» ይላል።

በጥቅምት አንድ ማታ አያ ዳልቻ እንደ ልማዱ በአጥሩ በኩል አለፈ።

«አለሽ?»

እመት ቡላ አዲስ የወለደቻት ውርንጭላ ከእግሯ ሥር ተኝታለች።

«እስካሁን አለሁ» አለች።

አያ ዳልቻ ቆመ። ከዚያ በፊት በዚያ ቦታ ቆሞ አያውቅም፤ ሲያልፍ ነበር የሚያወራው። እሷም ቀስ ብላ ነገረችው። ገብሱ ከሥሩ መንጣት ጀምሯል። ገብሱ ከሄደ ወተቷ ይሄዳል፤ ወተቷ ከሄደ ውርንጭላዋ አትተርፍም። ስለዚህ ቆላ ወርዳ ጨው ለሚጭኑት ልታድር አስባለች። እዚያ ጭነቱ ከባድ ነው ይላሉ፤ ውሃ ግን አለ ይላሉ። ከወረደች ደግሞ እንደማትመለስ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ከዚያ ጉዞ የተመለሰ አህያ አይተው አያውቁም።

አያ ዳልቻ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ምናልባት ተበድያለሁ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም።

«አንተ አላጎደልክብኝም» አለችው። «ጥላው እኩል ደርሶኛል። ውሃው ነው ያልደረሰኝ። ጥላ ደግሞ ገብስ አያበቅልም።»

ወደ ነጣው ገብስ ዞሮ አየ።

«ቆዪ» አላት በመጨረሻ።

«እስከ መቼ?»

«እስክጠይቅ።»

በማግስቱ ተነሣና ወደ ተራራው ወጣ። ደመና ከጫፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ድሮ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ድምፀ ነጎድጓድ የነበረው ደመና ከስቶ፣ የተነደፈ ጥጥ መስሎ ነበር። አያ ዳልቻ መቼ እንደሚወርድ ጠየቀው። ደመናው ዓይኑን ሰበረ።

«አያ ዳልቻ፣ ለአባትህ ቀኑን እነግረው ነበር» አለ። «ድሮ ነፋስ መንገዱን ያውቃል፤ እኔ እከተለው ነበር። አሁን ነፋሱም መንገድ ጠፍቶበታል። እመጣለሁ ብዬ ብምልልህ እዋሻለሁ። እኔን አምነህ ማሳህን አትለካ።»

እንግዳውን ባዶ እጁን መሸኘት ቢያሳፍረው ጊዜ ያለችውን ጥቂት ጠብታ አፍንጫው ላይ ጣለለት። አያ ዳልቻ አፍንጫውን ልሶ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወረደ።

ቀጥሎ ቦዩን ጠየቀ። ቦዩ አፉ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ለመናገር ግን አልሰነፈም።

«ከሁላችሁ ቀድሜ የምጠጣ እኔ ነኝ» አለ። «ጠዋት፣ ውሃው ብዙ ሳለ፣ ቅርብ ላለችው ትሰጣላችሁ። ለእሷማ በቅልም ቢወስዱላት ይደርሳል። ቀትር ላይ፣ እኔ ስግል፣ ያችን ቀጭን ክር ሩቅ ላለችው ትልካላችሁ። ታዲያ ብጠጣት ምን ይገርማል? አፈር ነኝ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? በዓመት አንዴ ሆዴን ጠርገህ ትሄዳለህ። እንደምን አደርክ እንኳ ብለኸኝ አታውቅም።»

አያ ዳልቻ ይህን ለማመስኳት ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ወደ እናት ምንጭ ሄደ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠጣ፤ በጉልበቱም እንዳለ ለመናት። የአህያዋን ነገር ነገራት፤ ትንሽ ብቻ ብትጨምርላቸው ብሎ ጠየቃት።

እናት ምንጭ ድምፅዋ እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ፍቅሯ ግን ያው ነው።

«ልጄ፣ ያለኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ» አለችው። «ሰማይ ያልሰጠኝን ከየት አመጣለሁ? ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ከአያትህ ጀምሮ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ተራዬ ነው የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሞልቶታል። በቃኝ የሚል ድምፅ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። እኔን ስንት ትሰጪናለሽ ማለቱን ተወው። እነሱን ስንት ይበቃችኋል በላቸው።»

አያ ዳልቻ የውሃ አባት ሆኖ ይህን ጠይቆ አያውቅም። በሚቀጥለው ጠዋት ኩሬው ሲከፈት፣ ከላይ ጀምሮ በየማሳው እያየ ወረደ።

እመት ጦጢት ሽንኩርቷን ነቅላ ከጨረሰች ሰንብታለች። ማሳው ባዶ ነው። ውሃው ግን በባዶው መሬት ላይ ይንደረደራል፤ እሷ ሾላው ላይ ተጋድማ ጅራቷን ታወዛውዛለች።

«ምን እያጠጣሽ ነው?» አላት።

«ተራዬን» አለች። «ምን ላድርግ? ያላጠጣ ይለፈው ብለሃል። ብተወው አንተ ለሸንኮራህ ልትወስደው?»

ጥላው አለፈ፤ ተራው የአያ ከርከሮ ሆነ። አያ ዳልቻ ወደዚያ ወረደ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ተኝቷል፤ የበሰበሰ ድንች ሽታ ይሸታል። አያ ከርከሮ በጭቃው መሃል ተዘርግቶ፣ አፍንጫው ብቻ ይታያል።

«ድንችህ ጠግቧል» አለው አያ ዳልቻ።

«ጠግቧል።»

«እየበሰበሰ ነው።»

«እሱም እውነት ነው» አለ አያ ከርከሮ ሳይነሣ። «ግን ሕግ አክባሪ ነኝ። ሕጉን የምታስከብረው አንተ፤ የምበሰብሰው እኔ። ምን ቀረብህ?»

አያ ዳልቻ ወደ ራሱ ማሳ ወረደ። ወደ ሸንኮራው ገና ሲጠጋ የእንቁራሪቶች ጫጫታ ተቀበለው። እመት እንቁራሪት ልጆቿን አስከትላ ከሸንኮራው እግር ብቅ አለች።

«ኑ፣ ኑ፣ ጌታችን መጣ፤ እጅ ንሡ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «አያ ዳልቻ፣ ዘንድሮ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ እኛ አንተ ቤት ተንደላቀን ከረምን። ልጆቼን እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ አሳደግሁ፣ ትልቋንም እዚሁ ልድራት ነው። ውሃ የማይጎድልበት ቤት ይስጥህ» ብላ መረቀችው።

አያ ዳልቻ ወደ እግሩ አየ። ሰኮናው ውሃ ውስጥ ነው። ተራው ገና ሳይደርስ፣ ትናንት የጠጣው መሬት ገና አልደረቀም። ሸንኮራውን የተከለው አባቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ሸንኮራ አንድ አገዳ ሳያኝክ የዋለበት የበዓል ቀን የለም። ይወደዋል። ጠምቶህ ነው ወይ ብሎ ግን ጠይቆት አያውቅም፤ ተራው ሲደርስ ያጠጣው ነበር እንጂ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ታች ወረዱ።

ማታ እስኪሆን ሳይጠብቅ፣ ቀን በፀሐይ፣ ሁሉንም ከሾላው ሥር ሰበሰባቸው። እመት ጦጢት ከቅርንጫፍ ላይ ሆና፣ አያ ከርከሮ ጭቃው ደርቆበት፣ እመት ቡላ ከውርንጭላዋ ጋር ከዳር ቆማ፣ ድንጋዩም እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ።

«የውሃ አባት ሆኜ ጥላ ሳካፍል ነው የኖርኩት» አለ አያ ዳልቻ።

 ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

ከዚያ ያሰበውን ነገራቸው። ከእንግዲህ ተራውን የተወ ተራው አያልፈውም፤ ኩሬው ሆድ ውስጥ ይቀመጥለታል፤ አዝመራው በጠማው ቀን ይወስደዋል። ደግሞ ተራ ከላይ መጀመሩ ይቅርና ከታች ይጀምር፤ የጠዋቱ ብርቱ ውሃ ሩቅ ይሂድ፣ የቀትሩ ክር ለቅርብ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ሲነሣ የጥላው ድንጋይ አጉረመረመ። እሱ የተተከለው ከላይ እንዲጀምር መሆኑን፣ ይህንንም የአያ ዳልቻ አያት ማለቱን ተናገረ። እመት ጦጢትም ደገፈችው፤ እሷ ከላይ ናትና። የመጀመሪያው ነገር ደግሞ አላሳመናትም። ዛሬ የተወችውን ነገ ማን እንደሚመልስላት ጠየቀች። ነገ ኩሬው ቢጎድልስ? ነገ አያ ዳልቻ ቢክዳትስ?

«እሱ አይክድም፤ መካድ ብዙ ማውራት ይፈልጋል» አለ አያ ከርከሮ። ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አያ ዳልቻ፣ አንተ ሸንኮራህን እያኘክ ነው እንዴ ለእኛ ስለ ጥም የምታወራው?»

ይህ እውነት ነበር። አያ ዳልቻ ተነሥቶ ወደ ማሳው ወረደ። ወዴት እየሄደ እንደሆነ ሊያዩ ተከተሉት።

ማሳው ውስጥ ገባ፤ ቀንዱን ከመጀመሪያው ሸንኮራ ሥር አስገብቶ ነቀለው። ቀጥሎ ያለውን ነቀለ። ቀጥሎ ያለውንም። እንቁራሪቶቹ ዋይ ዋይ አሉ።  ሸንኮራው አልቆ መሬቱ ባዶ ሲቀር፣ አገዳውን እየመረጠ አካፈላቸው። ወፍራሙን ለአያ ከርከሮ፣ ጣፋጩን ለእመት ጦጢት፣ ለስላሳውን ጫፍ ለውርንጭላዋ። ለራሱ አንድም አላስቀረም። ከዚያ በዚያው እርጥበት ላይ ሽምብራ ዘራ። ሽምብራ መሬቱ በያዘው ርጥበት ይወጣል እንጂ ተራ አይጠይቅም። የማሳውን በር በጭቃ ደፈነ፤ በሰኮናውም ረግጦ አጠበቀው።

«ይሄ በቃኝ ማለት ነው እንዴ?» ብሎ አያ ከርከሮ አፉ ሸንኮራ እንደሞላ ጠየቀ።

«አኝክ» አለው አያ ዳልቻ።

እመት እንቁራሪት ልጆቿን ሰብስባ፣ ጓዟን ጠቅልላ፣ ትልቋን ልጇን የት እንደምትድር እያማረረች ወደ ኩሬው ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአያ ዳልቻ ተራ ሳይከፈት ወደ ታች ያልፍ ጀመር። የእመት ቡላ ገብስ ነፍስ ዘራ፤ ውሃው ጨርሶ አላረካውም እንጂ። ቆላ የመውረዱን ነገር ለጊዜው ተወችው። ስለ ተራ መጀመሪያው ግን ማንም አልተስማማም። «መጀመሪያ ተራውን የተወ ውሃው ሲመለስለት እንይ» ተባለ።

አያ ከርከሮ ያን ጊዜ ተንኮል አሰበ። የበሰበሰውን ድንች ነቅሎ ሌላ ተክሎ ነበር። ተራው በደረሰ ቁጥር «ለእኔ ይቀመጥልኝ» እያለ ይተው ጀመር። ለእመት ጦጢትም በጆሮዋ፣ አያ ዳልቻን ጭንቅ በያዘው ቀን ራሱ ሄዶ ያስቀመጠውን እንደሚጠይቀው፣ አያ ዳልቻ ሲከለክለውም በአገር ፊት እንደሚያዋርደው ነገራት። እሷም ከሾላው ላይ ሆና ያን ቀን በጉጉት ትጠብቅ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። ደረቅ ነፋስ ነፈሰ። የእመት ቡላ ገብስ ሊያሸት ደረሰ። ገበሬ የሆነ ያውቀዋል፤ ገብስ በዚያን ጊዜ አንድ ደህና ውሃ ካገኘ ያፈራል፣ ካጣ ፍሬ የሌለው ገለባ ሆኖ ይቀራል። አያ ዳልቻ ኩሬውን ለእሷ ብሎ ሲጠብቅ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ኩሬው ውስጥ የነበረችው አንድ ማሳ ብቻ የምታረካ ውሃ ናት።

በዚያው ጠዋት አያ ከርከሮ መጣ።

«ያስቀመጥኩትን ልወስድ ነው» አለ። «ድንቼ እየቋጠረ ነው።»

አያ ዳልቻ ኩሬውን አየ። ወደ ታች ወደ ጭራው አየ። ነገ ና ማለት ይችል ነበር። ነገ ማለት ቀላል ቃል ናት፤ ለከባድ አፍ እንኳ ትቀላለች። ግን ነገ ካለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራውን የሚተው አይኖርም። ሁሉም ይከፍታል፣ ሁሉም ያፈሳል፣ ባዶ መሬት ይጠጣል። ዛሬ ካለ ደግሞ ገብሱ ይሄዳል፤ ከገብሱ ጋር ወተቱ፣ ከወተቱ ጋር ውርንጭላዋ።

«ጠብቀኝ» ብሎ ወደ እመት ቡላ ወረደ። በሌላ አፍ እንድትሰማው አልፈለገም።

«ዛሬ የከርከሮ ነው» አላት።

እመት ቡላ ገብሷን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየችው። ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ከንፈሩ ግን ይንቀጠቀጣል። ያን ክረምት በበረት ውስጥ በብርድ የተንቀጠቀጠው ያው ከንፈር ነበር።

«ቃልህ ከሆነ ስጠው» አለችው። «ቃልህን አፍርሰህ ያጠጣኸኝን ገብስ ውርንጭላዬም አትበላው።»

ከዚያ ዞራ ኮርቻዋን ከግድግዳው ላይ ለማውረድ ገባች።

አያ ዳልቻ ወጣ። ኩሬውን በገዛ ቀንዱ ከፈተ። ውሃው ወደ አያ ከርከሮ ማሳ ገባ። አያ ከርከሮ ለመጣላት ያዘጋጀውን ቃል ሁሉ አፉ ውስጥ ይዞ ቀረ። ደረቱን እንደነፋ በትልሙ ራስ ቆሞ ውሃውን ያይ ጀመር። የመጀመሪያው ትልም ጠጣ። ሁለተኛው ጠጣ። የመጨረሻውም ጠጥቶ አፈሩ ጠቆረ። አሁን ውሃው ሊጠራቀም ነው፤ አያ ከርከሮ ተዘርግቶ የሚተኛበት ጭቃ ሊሆን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህች ሰዓት የሚጣፍጠው የለም።

ግን ይህ ውሃ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ራሱ ተጠምቶ፣ ራሱ ተራውን ትቶ ያስቀመጠው ውሃ ነው። ያለ ሥራ ሲፈስ ሊያየው አልቻለም። ወደ ታች ተመለከተ። እመት ቡላ ኮርቻዋን ይዛ ከደጇ ቆማለች፤ ውርንጭላዋ የገና ጨዋታ መስሏት ዙሪያዋን ትዘላለች።

«አያ ዳልቻ» አለ።

«አቤት።»

አያ ከርከሮ ወደ መሬት አየ፤ አፍንጫውን አሸ፤ ጠጠር በእግሩ ገፋ።

«በቃኝ» አለ።

በጣም ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ ራሱም ባይሰማው ይመርጥ ነበር። ከሾላው ሥር ግን እናት ምንጭ ሰማች። ኩሬው ላይ ትንሽ አረፋ ወጣ፤ እንደ ሳቅ።

«ምን አልክ?» አለች እመት ጦጢት ከላይ፤ ሰምታለች።

«ቦዩን አሳልፉት አልኩ! ደንቆሮ ነሽ እንዴ?»

እመት ጦጢት ከሾላው ወረደች። ከተቀመጠው ውሃ ቀጥሎ የዕለቱ የመጀመሪያ ተራ የሷ ነበር፤ አዲስ ሽንኩርት ተክላለች፤ ማሳዋም ገና እርጥብ ነው። ወደ አያ ዳልቻ መጥታ፣ «የእኔም ዛሬ ይለፍ» አለች። ወዲያው አሰበችና፣ «አይ፣ አይለፍ። ይቀመጥልኝ» አለች። ያን ጊዜ አያ ዳልቻ ሳቀ ይላሉ። እመት ጦጢት ግን አመሰኳ እንጂ አልሳቀም ትላለች።

የአያ ከርከሮ በር ተደፈነ። ገና ጠዋት ነው፤ ቦዩ ርሷል፤ ፀሐይ አልጠነከረችም። የቀረው ውሃ ቁልቁል ወረደ። በአያ ዳልቻ ሽምብራ አጠገብ ሮጠ። ወደ ጭራው ሲደርስም አልዳኸም፤ እየተራመደ ገባ። ገብሱ እግሩን ዘረጋ። ቦዩም፣ «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ ለማን እንዳለ ግን አልታወቀም።

እመት ቡላ ኮርቻዋን መልሳ ሰቀለች።

ማታ አያ ዳልቻ መንገዱን አዙሮ በአጥሩ በኩል አለፈ።

«አለሽ?»

«አለን» አለች።

አያ ዳልቻ ወደ ቤቱ እየሄደ አሰበ፤ እስኪደርስም ወሰነ። ጎሕ ሲቀድ ከሾላው ሥር መጥቶ የጥላውን ድንጋይ በቀንዱ ይነቀንቅ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብሎ ድንጋዩ ደነገጠ። «አያትህ ነው እዚህ የተከለኝ!»

«አውቃለሁ» አለ አያ ዳልቻ። «ያን ጊዜ ውሃው ራሱ ታች ይደርስ ነበር።»

ነቀለው። ቁልቁል ይገፋው ጀመር። ድንጋዩ በእመት ጦጢት ማሳ ሲያልፍ አጉረመረመ፤ በአያ ከርከሮ ማሳ ሲያልፍ ተሳደበ። እዚያ ሲደርስ አያ ከርከሮ ተነሥቶ በትከሻው ያግዝ ጀመር፤ ለምን እንደሚያግዝ ማንም አልጠየቀውም። ከቦዩ ጭራ፣ ከእመት ቡላ ገብስ ራስ ላይ፣ ጉድጓድ ምሰው አቆሙት። አያ ዳልቻ ጠጠሮቹን እንደገና ደረደረ፤ የመጀመሪያውን ጠጠር ለእመት ቡላ፣ የመጨረሻውን ለእመት ጦጢት። ውርንጭላዋ መጥታ ጀርባዋን በድንጋዩ አከከች፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ማጉረምረሙን ተወ።

ፀሐይ ወጣች። ጥላው ከመጀመሪያው ጠጠር ላይ አረፈ። አያ ዳልቻ ወደ ላይ ወጥቶ ኩሬውን ከፈተ፤ ከመክፈቱ በፊት ግን ወደ ታች ተጣርቶ፣ ዛሬ ስንት ይበቃሻል ብሎ ጠየቀ።

ተረቴን ከሾላው ሥር አግኝቼው ነበር፤ እዚያው መለስኩት። ሰማይን መለካት ባይቻል፣ ጉሮሮን መለካት ይቻላል።